ስምንት ትራስ

ባለቤቴ ድረስ በእርሳስ የነደፈው የእህል መጋዘን፣ ደብረ ማርቆስ መውጫ ላይ፣ ግድግዳው አልቆ ሁለት ክረምት ያለ ጣሪያ ቆመ። ሦስተኛው ሳይገባ ለማስከደን ቆረጥኩና ብረት ሠራተኛውን ባዘዘውን ጠራሁ።

ባዘዘው ንድፉን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ጋሽ ድረስ ጣሪያውን እንደ ጠረጴዛ ለጥ አድርገውታል። የማርቆስ በረዶ ሲወርድ ውሃው መሄጃ ያጣል። ቆርቆሮው በተደራረበበት ገብቶ እህሉን ያበቅለዋል።»

«ከመንገድ እንዳይታይ ብሎ ነው። ከፊት ግድግዳው ጀርባ እንዲደበቅ።»

«ይደበቅ። እህሉ ሲበቅልብዎት ማረሻ ይዤ ልምጣ?»

«እንደተነደፈው ሥራው» አልኩት። ድረስ ከመሞቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ እጁ ያረፈበት ወረቀት መሆኑን አልነገርኩትም።

ባዘዘው ሦስት ቀን አንድ ብረት ሳይቆርጥ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን አማቴ እማማ ወለተ ሚካኤል ከይጁቤ መጡ። ከባጃጁ ሁለት ጆንያ አስወረዱ። ቢፈታ፣ ትራስ ነው፤ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ስምንት አዲስ ትራስ።

«በስልክ ‹ስምንት ትራስ አልተሠራም፣ ሥራው በሱ ቆመ› አላልሽኝም? ለእህል ትራስ ምን ያደርግለታል ብዬ ነበር። የከተማ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

ባዘዘው ሳቁን መያዝ አቅቶት የቱቦላሬ ብረቱ ክምር ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ የኛ ትራስ ከዚህ ብረት ነው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይበየድና ከግድግዳ ግድግዳ ይጋደማል። በላዩ ማገር፣ በማገሩ ላይ ቆርቆሮ።»

«ታዲያ ጣሪያው ሊተኛበት አይደል? ትራስ ነዋ! ምን ያስቅሃል?»

«የተጣላነውም በሱ ነው። እኔ ትራሱ ዝቅ አለ እላለሁ፤ እትዬ ደግሞ ጋሽ ድረስ እንዳሉት ይሁን ይላሉ።»

እማማ ወደኔ ዞሩ። «ዝቅ ያለ ትራስ? የኔ ልጅ?»

ንድፉን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

«ከሕፃንነቱ ሁለት ካልደረበ እንቅልፍ የማይወስደው! አሥራ አንድ ዓመት ትራስሽን ወስዶ ያለ ትራስ ያስተኛሽ ማነው?»

«እሱ። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ» አልኩ። ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ንድፉን ለማጠፍ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ባዘዘው፣ ስንት ከፍ ይበል?»

«መሐሉ ሜትር ተኩል። ከመንገድ ግን ይታያል።»

«ይታይ።»

ከስምንቱ ትራስ ሰባቱን ሠራተኞቹ ተከፋፈሉት። አንዱን እማማ ለኔ አስቀሩ፤ «የተወሰደብሽ ምትክ» አሉኝ።

ሰኔ ላይ በረዶው ሲወርድ ባዘዘው ደወለ።

«እትዬ፣ ማረሻ ይዤ ልምጣ?»

መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ ነበር። በላዬ ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ውጭ ውሃው ከጣሪያው ወደ አሸንዳው፣ ከአሸንዳው ወደ ቦዩ ይሮጣል። እግሬ ሥር ያለው ወለል አቧራው እንኳ አልረጠበም።

«ሞፈርህን ስቀል» አልኩት።