የእሮብ ቁርስ

ደምሴ ሦስተኛውን እንቁላል ሰብሮ ሳህኑ ውስጥ ሲያፈስ ዘነበች ዕለቱ እሮብ መሆኑ ትዝ አላት።

"እሮብ ነው እኮ። ምን ነካህ አንተ?" አለችው።

ደምሴ አራተኛውን እንቁላል እንደያዘ ቀና አለ። የሚያየው ግን እንቁላሉን ሳይሆን እሷን ነበር።

"ምን አልሽኝ?"

"እሮብ ነው አልኩ።"

"እሱንማ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያልሽውን ነው የምጠይቅሽ።"

ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። ከተጋቡ ሦስት ሳምንት ቢሆናቸውም እስከዚች ጠዋት ድረስ "አንቱ" ስትለው ነው የኖረችው። "አንቱ" ማለቱ ሲከብዳት ደግሞ ንግግሩን አጣምማ፣ "ሻዩ ይጠጣ?"፣ "መብራቱ ይጥፋ?" እያለች ታልፈው ነበር። አንገቷን ወደምትከትፈው ሽንኩርት ደፋች። ዓይኗ ቢያለቅስ ማሳበቢያው እጇ ላይ ነው።

ያሉት ቆቦ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው የሙሚና አልቤርጎ ግቢ ውስጥ ነው። መብራት ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የለም። የአልቤርጎው ወጥ ሠሪ እህቷ ስለወለደችባት ዋጃ ሄዳለች። ሙሚና ባለቤቷን ከቀበረች ወዲህ ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ቃሏ አጭር የሆነ ሴት ናት። በማለዳ በራቸውን አንኳኩታ፣ "ቁርስ የሚሠራልን የለም፤ ወጥ ቤቱ ግን ክፍት ነው። ከሰሉም አለ። ድስቱ የሽሮ ነው፣ ሥጋ አልነካውም፤ በኔ ይሁንባችሁ" ብላቸው ሄደች። ደምሴም የምሥራች እንደተነገረው ሰው ብድግ አለ። በወጣትነቱ ግሬደር እየነዳ በየመንገድ ሥራው ካምፕ ሲኖር ለጓደኞቹ ያበስል እንደነበር ከዚህ በፊት ነግሯታል። ዘነበች ግን ወንድ ስለ ራሱ ሲያወራ የሚጨምረው ነገር መስሏት አልፋው ነበር።

አሁን ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ በሰንጢው ቲማቲም ልጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ልጣጩ ሳይበጠስ ሳህኑ ዳር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"እንግዲያው እንቁላሉን ምን እናድርገው?" አለ።

ሙሚና ውኃ ልትቀዳ በዚያ ስታልፍ ሰማችው። ሳህኑን አየች፤ እነሱንም አየች።

"ለናንተ እሮብ ነው። ለኔ ልጆች ቁርስ ነው" አለችና ሳህኑን አነሳች። "አልሐምዱሊላህ። ቃሪያ ከጓሮ ቅጠፉ፤ ዘይቱ ከመደርደሪያው ላይ ነው።"

ዘነበች ሌላ ጊዜ ቢሆን እሮብን እስከ ስድስት ሰዓት ነበር የምትጾመው። ጨጓራዋ ካስቸገራት ወዲህ የንስሐ አባቷ ጠዋት ቀመስ እንድታደርግ ፈቅደውላታል። ፍቃዱ ግን እንቁላል ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ቁርሱ የቲማቲም ስልስ እንዲሆን ተስማሙ። ዳቦው ትኩስ ነው፤ ደምሴ ገና ጎህ ሲቀድ ከዳቦ ቤቱ በር ቆሞ ያመጣው ነው። ሽንኩርቱ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ጮኸ። ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ በኩል ብቅ ከማለቷ ግቢው መሞቅ ጀምሯል።

ዘነበች ጉቶ ላይ ተቀምጣ ባሏን ታየዋለች። ዕድሜዋ አምሳን አልፏል። ወልድያ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥበት ባለ አንድ በር ሱቅ አላት። ባሏ ሲሞት ትንሿ ልጇ መቅደስ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዛሬ መቅደስ ራሷ የልጅ እናት ሆና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ታላቅየው ዋሲሁን ደሴ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ የሚያከፋፍል ነጋዴ ዘንድ ይሠራል። ዘነበች በዚህ ሁሉ ዓመት ከወልድያ የወጣችው ወይ ለሠርግ፣ ወይ ለንግሥ፣ ወይ ለሕክምና ነው። አለዚያ ለለቅሶ ነው። ምንም ሥራ ሳይኖራት አንድ ከተማ ሄዳ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው ከማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ግመሎች ሲያልፉ አዩ። ማታ ስትተኛ ዛሬ ምን ሠራሁ ብላ አስባ መልስ አጣች። ማጣቷ አላስከፋትም።

ልጆቿ ግን ማግባቷን አያውቁም። ማዘጋጃ ቤት ሲፈራረሙ የነበሩት ጓደኛዋ ቆንጅትና የደምሴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ይርጋ ብቻ ናቸው። እነግራቸዋለሁ እያለች ቀኑ ገፋ፤ እስከዚህ ጉዞ ድረስም በየቤታቸው ነበሩ። መቅደስ "ቆቦ ደግሞ ለምን?" ብላ ስትጠይቃት ከአፏ የወጣው፣ "የቆንጅት አጎት ሞተው፤ ለቅሶ ልደርስ" የሚል ነበር። ቆንጅት ቆቦ ውስጥ አጎት የላትም።

ስልኳ የጮኸው ደምሴ ቲማቲሙን ሲጨምር ነው። ዋሲሁን ነበር።

"እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ለቅሶው እንዴት ነው?"

"ደህና ነው" አለች። ለቅሶ ደህና ነው መባሉ ለራሷም አላማራትም።

"ቆርቆሮ ጭነን ወደ አላማጣ እየሄድን ነው። ሮቢት ደርሰናል። ቆንጅትን አንዴ እግዚአብሔር ያጥናሽ ብያት ልለፍ። ለቅሶ ቤቱ በየት በኩል ነው?"

ዘነበች ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ከልጇ ድምፅ በስተኋላ መኪናው ሲንገጫገጭ ይሰማታል።

"እማዬ?"

"ለቅሶ ቤቱ ሩቅ ነው። እኔ ከአስፋልቱ ዳር ነኝ። ነዳጅ ማደያውን ስታልፍ ሰማያዊ በር አለ፤ እዚያ ና።"

ስልኩን ዘጋችና ለደምሴ ነገረችው። እሱ ስልሱን ማማሰሉን ሳያቆም አዳመጣት። ከዚያ ማንኪያውን በሳህን ላይ አጋድሞ እጁን ታጠበ።

"መንገድ ላይ ነው ካልሽ ብዙ አይቆይም" አለ። "እኔ ወደ ገበያው ወጣ ብዬ ልምጣ። ሲሄድ ትደውይልኛለሽ።"

"ቅር አይልም?" አለች፤ ቃሉን እንደገና አጣምማ።

"ምን ቅር ይለኛል? ልጆችሽ ናቸው። ጊዜውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም። እሷም ፈለገችና አጣች። እጅጌውን ዘርግቶ ቆለፈ። ኮቱን ለብሶ ባርኔጣውን አደረገ። ወደ በሩ ሲሄድ እርምጃው፣ ብዙ ተቀመጥኩ ብሎ የሰው ቤት ለቆ እንደሚወጣ እንግዳ ነበር። ዘነበች ይህን አረማመድ አየችው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ የኖረ ሰው፣ በገዛ ሚስቱ ፊት በእግሩ ጣት ሲሄድ።

"ተመለስ" አለችው።

ዞር አለ።

"ስልሱን ጨው አልጨመርክበትም። እኔ ልኩን አላውቀውም።"

ሠላሳ ዓመት ወጥ የሠራች ሴት የጨው ልክ አላውቅም ስትል ደምሴ አልሳቀም። ኮቱን አውልቆ ጉቶው ላይ አስቀመጠና ማንኪያውን አነሳ።

ዋሲሁን ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። አይሱዙው ከውጭ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፤ በእጁ ቡናና ስኳር የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። መልኩ የአባቱ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለቱ እንኳ ሳይቀር። እናቱን ሦስት ጊዜ ሳመ። ከዚያ በከሰሉ አጠገብ የቆመውን ሽበታም ሰው አየና ፊቱን አጠቆረ፤ ሁለት እጁንም አጣምሮ ቀረበው።

"እግዚአብሔር ያጥናዎት" አለው።

ደምሴ ማንኪያውን እንደያዘ ዘነበችን አያት። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

"አሜን" አለ ደምሴ በመጨረሻ። "እኔ እንኳ አሁን ሐዘን የለብኝም። ሚስቴ ከሞተች ቆየች።"

ዋሲሁን ግራ ገባው። ድስቱን አየ፤ ሁለቱን ብርጭቆና በፌስታል ላይ የተቀመጠውን ዳቦ አየ። ሽንኩርት ሲጠበስ የሚሸትበት ለቅሶ ቤት ደርሶ አያውቅም።

"የቆንጅት አጎት..." ብሎ ጀመረ።

"የቆንጅት አጎት የለም" አለች ዘነበች። "ለቅሶ የለም፣ ልጄ። ጋሽ ደምሴ ይባላል። የወልድያ ሰው ነው።"

ልትጨምር ፈልጋ ነበር። ዋሲሁን ግን ልጅ አይደለም፤ ክፍት በሆነው የክፍሉ በር አሻግሮ አንድ አልጋና ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማዎችን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

"ሦስት ሳምንታችን ነው" አለ ደምሴ። "በሕግ ነው። አንተን ሳናስፈቅድ መሆኑ ልክ አልነበረም።"

"እርስዎን አልጠየቅሁም" አለ ዋሲሁን። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ወደ እናቱ ዞረ። "አባዬ ከሞተ ጀምሮ እኔም መቅደስም አለን። ምን ጎደለብሽ?"

ዘነበች አሰበች። ይህን ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ራሷን ጠይቃዋለች፤ ለመልስ የሚሆን ብሶትም ፈልጋ ነበር።

"ምንም" አለች።

ጎደለብኝ ብትል ኖሮ ይከራከራት ነበር። ዓይኑን በግቢው አዙሮ አዙሮ መልሶ ከሰሉ ላይ አሳረፈው።

"ቁጭ በልና ቅመስ" አለችው። "የጾም ነው።"

"መኪና ቆሞብኛል።"

"ሹፌሩንም ጥራው።"

"ቸኩለናል፣ እማዬ።"

ደምሴ በዚህ ሁሉ መሐል ዳቦ ከፍሎ በውስጡ ስልስ አድርጎ በወረቀት ጠቀለለ። ሁለት ነበር። ለዋሲሁን አልዘረጋለትም፤ ጉቶው ላይ አስቀመጠና ወደ ማጀት ገባ፣ ሻይ የፈላበትን በራድ የሚያወጣ መስሎ። እናትና ልጅ ለብቻቸው ቀሩ።

"ሰው ምን ይላል?" አለ ዋሲሁን።

"ይላል እንግዲህ።"

"ዋሽተሽናል።"

"አዎ።"

ከውጭ የአይሱዙው ጡሩምባ ጮኸ። ዋሲሁን በእጁ የያዘውን ፌስታል አሁን ገና እንዳየው ሁሉ አየው። መልሶ ይዞት ሊሄድ አልሆነለትም፤ ለደስታ ቤት ደግሞ አልነበረም ያመጣው። ጉቶው አጠገብ አስቀመጠው። ጎንበስ ሲል የተጠቀለለውን ዳቦ አየና ትንሽ ቆይቶ ሁለቱንም አነሳ።

"ለሹፌሩ ነው" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ አልበላም።"

"መልካም።"

"ለመቅደስ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ስትነግሪያት ታለቅሳለች።"

ይህን ብሎ ሄደ። አልሳማትም፤ ግን በሩን ሲዘጋ ቀስ አድርጎ ነው። ሌላ ጊዜ ዘነበች ልጇን መኪናው እስኪሰወር ድረስ ቆማ ነበር የምትሸኘው። ዛሬ ግቢው ውስጥ ቀረች። የመኪናው ድምፅ ወደ አላማጣ አቅጣጫ እየራቀ ሄዶ ከሌሎች መኪኖች ጋር ተቀላቀለ።

ደምሴ በራዱን ይዞ ወጣ። ምን ተባባላችሁ ብሎ አልጠየቃትም። ድስቱን ከከሰሉ አውርዶ በመካከላቸው አስቀመጠ። ስልሱ ትንሽ አርሯል።

"ከሥሩ አትንኪው" አለ። "ከላይ ከላይ ብይ።"

ዘነበች ዳቦ ቆረሰችና አጠቀሰች። ጨው በዝቶበታል። ዝም ብላ ዋጠችው። ለካ ሰው ያበሰለውን ቁጭ ብሎ መብላትም መለመድ ያለበት ነገር ነው፤ እጇ ያለ ሥራ የት እንደሚቀመጥ አላወቀችም። ደምሴም ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ።

"ጨው በዝቷል" አለ።

"በዝቷል።"

"በካምፕም እንዲሁ ነበር የማበዛው። ጓደኞቼ ፈርተው ዝም ይላሉ፤ ሌላ አብሳይ የለማ።"

ዘነበች ሳቋ መጣ። አፏ ውስጥ ዳቦ ስለነበር በእጇ ከለለችው። ሳቁ ሲያልፍ ዋሲሁን በሚቀጥለው ከተማ ሲቆሙ ስልኩን እንደሚያነሳ ታሰባት። መቅደስ በዚህ ሰዓት ልጇን ጡት እያጠባች ነው። የእናቷን ነገር ከወንድሟ አፍ፣ በወንድሟ ቃል ልትሰማው ነው፤ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ አንድ አልጋ፣ ውሸት። ሁሉም እውነት ነው። ግን እንዲህ አልነበረም የሆነው።

እጇን በወረቀት ጠርጋ ስልኳን አነሳች።

"ብዪ እንጂ መጀመሪያ" አለ ደምሴ። "ይቀዘቅዛል።"

"ይቀዝቅዝ።"

ስልኩ ብዙ ጠራ። ደምሴ ተነስቶ ፈቀቅ ሊል ሲል በእጇ ምልክት አስቀመጠችው።

"አቤት እማዬ" አለች መቅደስ። ከበስተኋላዋ ሕፃኑ ይነጫነጫል። "ለቅሶው እንዴት ነው? በላሽ? ጨጓራሽን እንዳታስነሺው።"

"እየበላን ነው" አለች ዘነበች።

"ከነማን ጋር?"

ዘነበች ደምሴን አየችው። ሻይ እየቀዳ ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ እንዳይፈስ ዓይኑን ከእጁ አልነቀለም።

"ከባለቤቴ ጋር" አለች። "አሁን ልጁን አስተኚውና ቁጭ በዪ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"