እግር ያወጣ ቁም ሳጥን

አለቃ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያዛውር የኖረ ሰው ነው። አለቃ የሚሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ እነሱም ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሾፌሩ ነው፤ መንዳት ብቻ ሳይሆን ገመድ ማሰርም ያውቅበታል። ሌላው ዝሆኔ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፤ ዝሆኔ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ከሲታ ነው። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ብቻውን አዝሎ አምስተኛ ፎቅ ሲወጣ ያየ ሰው ሁለተኛ አይስቅበትም።

ሥራው ለረጅም ጊዜ በስልክና በትውውቅ ሲሄድ ቆየ። አንዱ ቤት ቀያሪ ለሌላው ይነግራል፣ ሌላው ይደውላል። በኋላ ግን ዩኒፎርም የለበሱ፣ መኪናቸው የተቀባ አጓጓዦች መጡና የሕንፃ ጥበቃዎች እነ አለቃን በር ላይ ማቆም ጀመሩ። «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ይሏቸዋል። የዝሆኔ ሸሚዝ ብብቱ ላይ የተቀደደ ነበር፤ መልስ ለመስጠት እጁን ባነሳ ቁጥር ነገሩ ይባባሳል።

«አንድ ዓይነት ልብስ አልብሳቸው» አለች የአለቃ ሚስት። «ሰው መጀመሪያ የሚያየው ልብስ ነው። ሥዕሉን ልጅህ ትሥልልሃለች፤ ለምን መሰለህ የምናስተምራት?»

ልጃቸው የሥዕል ተማሪ ናት። አለቃ ጠራትና ለቲሸርት የሚሆን አንድ ደስ የሚል ነገር እንድትሥል ነገራት። «መኪና ቢሆን፣ ቤት ቢሆን፣ ወይ ፈገግ ያለ ሰው። አንቺ ታውቂያለሽ» አላት። ያቺን «አንቺ ታውቂያለሽ» ባይጨምራት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ልጅቱ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ሥላ ጨረሰች፤ አለቃም ሳያየው ወደ ማተሚያ ቤት እንድትወስደው ፈቀደላት። የልጁን ሥራ መመርመር እሷን መጠርጠር መሰለው።

ሥዕሉን ያየው ታትሞ ከመጣ በኋላ ነው። ባለ ሁለት በር አሮጌ ቁም ሳጥን ነው። የተሸከመው ሰው የለም። ከሥሩ ሁለት ባዶ የሰው እግሮች ወጥተዋል፤ ከባድ ነገር እንደያዘ ሰው ጉልበታቸው ታጥፏል። አንደኛው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ባለው ጨለማ አንድ ዓይን ይታያል። የልጅ ዓይን አይደለም፣ የአዋቂም አይደለም፤ ያያል፣ በቃ።

አለቃ ቲሸርቱን አነሳው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ምንም ማለት አይደለም አባዬ። ሥዕል ነው።»

«ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

«አንተስ ምን መሰለህ በለዋ።»

«እኔ ዕቃ ጫኝ ነኝ እንጂ እንቆቅልሽ ነጋሪ አይደለሁም! ነገር የሚታተመው ሊናገር ነው። ይሄ ምን ይላል?»

«ሁሉ ነገር መናገር አለበት?»

እናትየው በመካከላቸው ገብታ ቲሸርቱን ዓይኑ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ አጠፈችው። «መጀመሪያ እንብላ» አለች። «እያየኝ መብላት አልችልም።»

የታተመ ነገር አይመለስምና ለበሱት። የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ዝሆኔ አቤቱታ አቀረበ። ሶፋ በሁለት ሰው ሲያዝ ተሸካሚዎቹ ፊት ለፊት ናቸው። «አለቃ፣ እርስዎ ወደ ኋላ እየሄዱ እኔ ወደ ፊት ስመጣ ያ ዓይን እኔን ነው የሚያየው» አለ። «አራት ፎቅ ሙሉ አፍጥጦብኝ ወረደ። ደረጃውን ልይ ወይስ እሱን?» ሾፌሩ ግን አልከፋውም፤ መኪናው ውስጥ ስለሚቆይ እሱን የሚያየው የለም።

ደንበኞችም ዝም አላሉም። አንዱ የሙት መንፈስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ደግሞ ሰው አፍኖ ስለመውሰድ የሚያስተምር ነው ብሎ ደመደመና ለልጆቹ አስረዳ። አንዲት ባልቴት በራቸውን በእጃቸው ደግፈው «ይሄን ለብሳችሁ የኔን ቁም ሳጥን አትነኩም» አሉ፤ እነ አለቃም ቲሸርቱን ገልብጠው ለበሱና ሥራቸውን ሠሩ። የተገለበጠ ቲሸርት የለበሱ ሁለት ጎልማሶች ሲያይ የሕንፃው ጥበቃ ምን እንዳሰበ አይታወቅም። ሲወጡ ግን ዕቃውን አንድ በአንድ ፈተሸ።

አለቃ ተቃጠለ። ችግሩም መፍትሔውም ግልጽ ሆኖ ታየው፦ ሥዕሉ አፍ የለውም፤ አፍ ይሰጠው። ለልጁ ሳይነግር ማተሚያ ቤት ሄደ። አታሚው ጽሑፍ ወዳድ ሰው ነበር። «ልክ ነዎት» አለው። «መልእክቱ ሲታወቅ ሰው ይረጋጋል። አጠር ያለች፣ ሞቅ ያለች ዓረፍተ ነገር እናድርግበት።» ሁለቱ ተማክረው ከቁም ሳጥኑ እግር ሥር በሚለጠፍ ትልልቅ ቀይ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር አሠፈሩ። አለቃ ደስ ብሎት ወደ ቤት መጣና ቲሸርቱን ለብሶ ልጁ ፊት ቆመ።

ልጅቱ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። «የትም ቢሄዱ አብረን ነን!»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ሞተ። «አባዬ» አለች፣ «አሁን ነው የሚያስፈራው።»

«ምኑ ያስፈራል? ደንበኛን አንተውም ማለት ነው።»

«እስቲ ዓይኑን እያየህ አንብበው።»

አለቃ መስታወት ፊት ሄደ። ፊደሉ ተገልብጦ ስለታየው ማንበብ አልቻለም፤ ቲሸርቱን አውልቆ ወንበር ላይ ዘረጋውና ዓይኑን እያየ አነበበው። የትም ቢሄዱ አብረን ነን። ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ የሚባለው ይሄ ነው። ፈጠን ብሎ ቲሸርቱን በደረቱ ደፋው፣ እንደፈራ ግን ለልጁ አልነገራትም። «ሰው ይለምደዋል» ብሎ ወጣ።

ሰው አልለመደውም። በዚያው ሳምንት ገና የተጋቡ ባልና ሚስት ዕቃቸውን ሊያስጭኑ ቀጥረዋቸው በሩን ከፈቱ፣ ሚስትየዋ የዝሆኔን ደረት አነበበች፣ ባሏን እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ከጥቂት ሹክሹክታ በኋላ ባልየው ብቻውን ወጥቶ ቀኑን እንደቀየሩ ተናገረ። ወደ የትኛው ቀን እንደቀየሩት ግን አልተናገረም።

ያን ዕለት ወደ ማታ አለቃ ቲሸርቶቹን ጠረጴዛ ላይ ከምሮ ቀዩን ፊደል በቢላ ጫፍ ይፍቅ ጀመር። ልጅቱ መጣች፣ ካውያ አመጣችና ሙጫውን እያሞቀች በጥፍሯ ትልጠው ገባች። አንዱ ቲሸርት አልቆ ሌላው ተነሣ።

«ሥዕሉን ከየት አመጣሽው?» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል።

«ትምህርት ሲዘጋ ይዘኸኝ ትሄድ አልነበር? ባዶ ክፍል ውስጥ ጥቅልል ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠኛለህ። ቁም ሳጥን ሲነሳ ከጀርባው ግድግዳው ሌላ ቀለም ነው። ሰዉ ሁሉ ያንን ቦታ ሳያይ ያልፋል። እኔን ግን ይጨንቀኝ ነበር።»

አለቃ ቢላውን አቆመ። «እኔ ዘንድ ሆነሽ ይጨንቅሽ ነበር?»

«አንተ ዘንድ ስለነበርኩ እኮ ነው ሳልሸሽ ቁጭ ብዬ ያየሁት።»

«ለምን ነበር የሚጨንቅሽ?»

«አላውቅም። ባውቀው ኖሮ ጽፌው እገላገል ነበር፤ አልሥለውም።»

ይህ መልስ ለአለቃ መልስ አልሆነለትም። ቢሆንም ዳግመኛ አልጠየቃትም። ፊደሉ ተልጦ አለቀ፤ ቀላ ያለ ጥላ ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ነበር። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ከወራት በፊት ሞተዋል፤ ዕቃውን የሚያስነሱት ሁለት ልጆቻቸው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ወንድሙ ሁሉን ነገር አስቀድሞ ወስኗል። አልጋው ለእሱ፣ ጠረጴዛውና ሳህኖቹ ለእህቱ፤ መኝታ ቤት ያለው ትልቅ ቁም ሳጥን ግን ለተከራዩ እዚያው ይቀራል። እህትየው በሁሉም ነገር ራሷን ትነቀንቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር ያደረገችም አትመስልም።

አለቃ ሳህኖቹን በጋዜጣ ሲጠቀልል አጠገቡ መጥታ ቆመች። ደረቱን ታያለች። አለቃ የሚመጣውን ጥያቄ ስላወቀ ቀድሞ አፈረ።

«እየሄደ ነው እየመጣ?» አለችው።

«ማን?»

«ቁም ሳጥኑ።»

አለቃ የቲሸርቱን ጫፍ በሁለት እጁ ወጥሮ አንገቱን ደፍቶ አየው። እግሮቹ ወደ ጎን ናቸው፤ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ያጋደለ ይመስላል። ይህን ያህል ጊዜ ለብሶት ይህን አላስተዋለም ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ። «የሣለችው ልጄ ናት። ልጠይቅልዎት እችላለሁ።»

«አይ፣ ይቅር» አለችና ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ወንድሙ ሰምቶ ኖሮ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ ነገር? መልእክቱ ምንድን ነው?»

«መልእክት የለውም ጌታዬ።»

«መልእክት ከሌለው ለምን ሰው ደረት ላይ ይለጠፋል? ሐዘንተኛ ቤት ይሄን ለብሶ ይመጣል?»

አለቃ ትክክል ነው ብሎ አሰበ። እሱም ያለው ይህንኑ ነበር። ቲሸርቱን ሊገለብጠው እጁን ከእጅጌው ሲስብ እህትየው ተመልሳ መጣች። ጉልበቷ ላይ አቧራ ነበር፤ መሬት ተንበርክካ ነበር ማለት ነው።

«ቁም ሳጥኑ ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

«የት ልታደርጊው?» አለ ወንድሟ። «ቤትሽ እኮ አንድ ክፍል ናት! ከዚያ አንቺ በረንዳ ልታድሪ?»

«አልጋዬን አዞረዋለሁ።»

«ጠዋት ይቅር ስል እሺ አላልሽም? በአንድ ቲሸርት ምክንያት…»

«በቲሸርቱ አይደለም» አለች። ከዚያ ቆም ብላ አሰበችና «እኔ እንጃ፣ ይሆናል» አለች።

ቁም ሳጥን ይነሳ ከተባለ ይነሳል። በሮቹን ፈቱ፣ መሳቢያዎቹን አወጡ፣ ጎኖቹን በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። የድሮ እንጨት ነው፤ ባዶ ሆኖም የሞላ ይመስላል። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የዝሆኔ እጅ ከዳው፤ ቁም ሳጥኑ ወደ ግድግዳው ዘመም አለ። ከኋላ እያጉረመረመ ይከተል የነበረው ወንድም ሳይጠሩት ወርዶ ትከሻውን ሥሩ አስገባ። እስከ ታች ድረስም አላወጣውም። ንጹሕ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀደደ።

የእህትየው ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥኑ ግማሹን ቤት ያዘ። አልጋው ዞረ፣ መስኮቱ በከፊል ተሸፈነ፣ ጠረጴዛው ኮሪደር ላይ ቀረ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ደስ ያላት አትመስልም፣ የከፋትም አትመስልም። አመስግናቸው ሸኘቻቸው።

አለቃ እራት ላይ ታሪኩን ለሚስቱና ለልጁ ነገራቸው።

«ታዲያ ጥሩ አደረገች ወይስ መጥፎ?» አለች ሚስቱ። «መስኮቷን ዘግታ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ አለቃ። ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺስ? እየሄደ ነው እየመጣ?»

ልጅቱ ማኘኳን አቆመች። «እንደዚያ ብዬ አላሰብኩትም» አለች። ፊቷ ላይ ደስታም ድንጋጤም ነበረ፤ ተነሥታ አንዱን ቲሸርት አምጥታ አምፖሉ ሥር ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። አለቃ ደግሞ እሷን ያያት ነበር። የራሷ ሥዕል ለእሷም እንግዳ መሆኑን ያን ጊዜ ገባው፤ እስከዚያ ድረስ ምስጢሩን ይዛ የምትከለክለው ይመስለው ነበር።

ቲሸርቶቹ ሲያረጁ ሁለተኛ ዙር አሳተመ። አታሚው ሌላ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ጠብቆት ነበር፤ አለቃ «ዝም ይበል» አለው። ለዝሆኔ ሲባል ብቻ ሥዕሉ ከደረት ወደ ጀርባ ተዛወረ። የማይወዱት ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ከደወሉ በኋላ የሚቀሩም አሉ። ሌሎች ደግሞ ስልኩን አንሥተው «ባለ ቁም ሳጥኖቹ ናችሁ?» ይላሉ። አለቃ ራሱ ሥዕሉን ይውደደው አይውደደው የጠየቀው የለም።

በቅርቡ አንድ ሕንፃ በር ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንደተሸከሙ ጥበቃው አስቆማቸው። ዞሮ የአለቃን ጀርባ ተመለከተ፣ ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁም ሳጥን ነው።»

«ቁም ሳጥን መሆኑንማ አየሁት።»

«ካየኸውማ ጥሩ» አለ አለቃ። «በል በሩን ክፈትልን፣ እጃችን ሊገነጠል ነው።»