የመውጫው ጉልበት ብቻ

ነጅዋ ፍጥነቱን ለምን ተወችው?

ኢክላስ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ማባዛቱ ላይ ስህተት የለም። አንድ ኪሎ ዕቃ፣ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ የምድር ስበት፤ ሦስቱ ተባዝተው አራት ሚሊዮን ጁል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ወጥቷል። ጥያቄው ደግሞ፣ "በሮኬት አንድ ኪሎ ዕቃ ወደ ምህዋር ለማውጣት ቢያንስ ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል?" ይላል። ምህዋር ላይ ያለ ነገር ይሮጣል፤ ካልሮጠ ይወድቃል። ልጅቷ የሩጫን ጉልበት ማስላት የማታውቅ ብትሆን ነገሩ ኢክላስን ባልደነቃት ነበር። ነጅዋ ግን ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ወጥታ ለጓደኞቿ ያስረዳችው እሷ ናት።

ኢክላስ ቻይና፣ ሃርቢን ከተማ የሮኬት ሞተር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ከሚሴ ፊዚክስ ታስተምራለች። ለሚጠይቋት ሁሉ "ለጊዜው ነው" ትላለች፤ ጊዜው ግን እየረዘመ ነው። የተማረችውን በአማርኛ ስትናገረው የሰው ልብስ የለበሰች ይመስላታል። ነጅዋ ተማሪዋም፣ የአጎቷ የበድሩ ልጅም ናት። ወረቀቱ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ለሳይንስ ውድድሩ አስተባባሪ ከተላከ አድሯል። ከዞኑ የሚመረጠው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ የተመረጠው ክረምቱን አዲስ አበባ ለሳይንስ ሥልጠና ይገባል። ነጅዋ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ከሰዓት በኋላ ኢክላስ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች። በድሩ ግቢው ውስጥ አይሱዙያቸው ሥር ተኝተው ብሎን ያጠብቃሉ። ነጅዋ መፍቻ ታቀብላለች።

"ነጅዋ፣ ዕቃው እዚያ ከደረሰ በኋላ ምን ይሆናል?"

"ይቀመጣላ።"

"የት?"

"ምህዋሩ ላይ ነዋ፣ እታለም። ወጣ አይደል?"

ከመኪናው ሥር የበድሩ ድምፅ መጣ። "ናፍጣ የሚበላው ዳገቱ ነው ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። የጨፋን ማሽላ ጭኜ ደሴ ስወጣ ሞተሩ ያለቅሳል። ደሴ ከገባሁ በኋላማ ምን አለብኝ? አጥፍቼው ሻዬን እጠጣለሁ።"

ኢክላስ ያን ጊዜ ገባት። የከሚሴ ሰው ደሴ ይወጣል፣ አፋር ይወርዳል። ወጣ ማለት ደረሰ ማለት ነው፤ የደረሰ ሰው ደግሞ ይቀመጣል። ነጅዋ "ለማውጣት" የሚለውን ስታነብ የሰማችው ይህንኑ ነው። ሃርቢን ያስተማሯት የቻይንኛ ቃል ግን ሲተረጎም "ሐዲድ መግባት" የሚል ነበር፤ ሐዲድ የገባ ነገር እንደሚሮጥ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

"አጎቴ፣ እዚያ ላይ ደሴ የለም" አለች። "ሞተር አጥፍተው የሚቀመጡበት መሬት የለም። ወደ ጎን ካልሮጡ ተመልሰው ይወርዳሉ።"

በድሩ ጭንቅላታቸውን ብቅ አደረጉ። "ምን ያህል ነው የምሮጠው?"

"በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እዚህ የጎረሱትን ሳይውጡ ሰንበቴ ይደርሳሉ።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! ትራፊክ የለማ!"

ነጅዋ አልሳቀችም። በስልኳ እያሰላች ነበር። "ሠላሳ ሚሊዮን ሊሞላ ነው" አለች ቀስ ብላ። "መሮጫው ብቻውን የመውጫውን ከሰባት እጥፍ ይበልጣል።"

"ሳይሮጥ የወጣስ?" አሉ በድሩ።

"ይወድቃል" አለች ኢክላስ።

"እንዳንቺ፣ ከቻይና?"

ኢክላስ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

"ዱጋ፣ እውነት ስህተት ነው እንግዲህ?" አለች ነጅዋ።

"ስህተት ነው። ግን ሌሎቹም እንዳንቺ ሠርተው ይሆናል። አራሚው ራሱ ላያስተውለው..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ልታጽናናት ይሁን ልታታልላት ለራሷም አልለየላትም። ነጅዋ ግን ለአስተባባሪው ልትጽፍ ቴሌግራሟን ከፈተች።

"ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!" አሉ አባቷ። "ራስሽን ከሰሽ ማን ይመርጥሻል?"

"ተመርጬ ብሄድስ፣ አባ? ዕቃው የት ደረሰ ሲሉኝ፣ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል ልበላቸው?"

በድሩ ወደ ብሎናቸው ተመለሱ። ነጅዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጻፍ ጀመረች።

"ጤና ይስጥልኝ። ነጅዋ በድሩ ነኝ፣ ከከሚሴ። ትናንት የላክሁት መልስ የመውጫው ጉልበት ብቻ ነው። ዕቃው እዚያ ሲደርስ የሚቆም መስሎኝ ነበር፤ አይቆምም። የመሮጫው ሲጨመር ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ያረምኩት አስተማሪዬ ነግራኝ ነው።"

"የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አጥፊያት" አለች ኢክላስ። "በእሷ ሊጥሉሽ ይችላሉ።"

"ነግረሽኝ አይደል እንዴ?"

ላከችው። አንድ ምልክት ታየ፤ ቆየት ብሎ ሁለተኛው ተጨመረ። አስተባባሪው አንብቦታል ማለት ነው።

ክረምቱ ገብቶ ሥልጠናው ሲጀመር ነጅዋ ከሚሴ ነበረች። ከመልእክቱ ሥር እሺም እምቢም የሚል ቃል አልመጣም።