የራሰ ደንዳናው ሚዛን

አክስቴ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ናት፤ እኔ ደግሞ የተማርኩት ስለ ጥንት እንስሳት አጥንት ነው። ሙዚየሙ ለልጆች ክፍል አንድ ዳይኖሰር በቁመናው ልክ እንድንሠራለት ሲጠይቀን፣ ራሰ ደንዳና የምንለውን አንድ ቅጠል በሊታ መረጥን። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ አራት ሜትር ተኩል ይሆናል። የሚሄደው በሁለት እግሩ ነው፤ እጆቹ አጫጭር፣ ጥርሶቹ ደቃቅ ናቸው። የአናቱ አጥንት ውፍረት ግን አንድ ስንዝር ያህላል።

«አንድ ስንዝር ሙሉ አጥንት?» አለች አክስቴ። «አንጎሉ ታዲያ የት ገባ?»

«ከሥሩ። ትንሽ ናት።»

«እንዲህ ያለ ሰው አግብቻለሁ» አለች ሥራዋን ሳታቆም።

ሙሉ አጥንት ስላልኳት አናቱን ድፍን አድርጋ በጂፕሰም ሞላችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሙዚየሙ ውስጥ አቁመነው ደግፎ የያዘውን ገመድ ስንፈታ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት አዘነበለና አፍንጫውን ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ላይ አሳረፈ።

የበሩ ጥበቃ አንገቱን አስግጎ አየው። «ደክሞታል መሰለኝ፤ ተዉት ይተኛ።»

ልጆቹ የሚመጡት ሰኞ ነው።

«አናቱን ከውስጥ እንፈልፍለው» አልኳት። «ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ። እስካሁን ሳልዋሽ ሠርቼ አሁን ልታስዋሸኝ ነው?»

«እንግዲያው አገጩ ሥር ብረት እናቁምለት።»

«ምርኩዝ? ጡረታ ልታስወጣው እኮ ነው።»

እውነቷን ነው። የአጥንቱን ሥዕል አውጥቼ እንደገና አየሁት። ጀርባው አግድም ተዘርግቷል፤ ጅራቱ ወፍራምና ግትር ነው።

«አክስቴ፣ ጅራቱን በምን ሠራሽው?»

«በሽቦና በጨርቅ። ዕቃ ልቆጥብ ብዬ።»

«እሱ የራሱን ክብደት የሚያመዛዝነው በጅራቱ ነበር።»

ሥዕሉን አየች። «ለራሱ ሰጥቼ ጅራቱን ነፈግኩት» አለችና ሳቀች። «ፍርደ ገምድል።»

ያን ዕለት ማታውኑ ጅራቱን ከሥር ቀደን፣ ከግርጌው ጀምረን በጠጠርና በሲሚንቶ ሞላነው። እሑድ ሲደርቅ መልሰን ያሰርነውን ገመድ ፈታሁ። አክስቴ መዳፏን ደረቱ ላይ እንዳደረገች ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አነሳች። እንስሳው አንዴ ነቅነቅ አለና ጸና።

ጥበቃው ተጠግቶ አናቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ግድግዳ ነው» አለ።

«ልጆቹም ይምቱት» አለች አክስቴ፤ «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ከአጠገቡ አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችው።