ፊንስ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች ሲኒ

ሙዝና የምትባል እናት ልጇን ኸልፋንን የጠረጠረችው ገና ከምትኖርባት ከሱር ከተማ ሳይወጡ ነው። ኸልፋን እናቱን ሽርሽር የሚወስድ ዓይነት ሰው አይደለም፤ ለዒድ እንኳ ከሚኖርበት ከሙስካት መጥቶ ሻዩ ሳይበርድ የሚመለስ ነው። ዛሬ ግን ምን እንደነካው፣ መንገድ ላይ ውሃ የሞላበት ሸለቆ አሳያት፤ ቱሪስቶች ከገደል ወደ ውሃው ሲዘሉም አብሯት ቆሞ ሳቀ።

ፊንስ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ ምንጣፍ ልታወጣ የመኪናውን ኋላ ከፈተች። የልብሷ ሳጥን፣ የስፌት መኪናዋ፣ ቁርኣኗ፣ ሁሉም ሳታውቅ ተጭኗል። ሽርሽሩ ለካ ማባበያ ኖሯል፤ ሙስካት ወስዶ ፎቅ ላይ ሊያስቀምጣት ነው። ደሟ ፈላ። የባሏ አስከሬን የወጣበትን ቤት እንደ ፍየል ተጎትታ ልትለቅ? ምንጣፉን አውጥታ አሸዋው ላይ አነጠፈችው።

አጠገባቸው ናሲብ የሚባል ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጠግን ነበርና እንደ ወጉ ቡና ጠጣ ብለው ጠሩት። ኸልፋን ቆሞ ቀዳ። ሙዝና ሲኒዋን ተቀበለች፤ ሳትቀምስም ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

የኸልፋን ፊት ተለዋወጠ። እንግዳ ሲኒውን ሳይጠጣ ካስቀመጠ ጉዳይ አለው ማለት ነው፤ ጋባዡ «ይሁን» ካላለው አያነሳውም። እንቢ ያለ ጋባዥ ደግሞ በዚያ አገር የሰው መሳቂያ ይሆናል።

«እማዬ፣ ጠጪ እንጂ። አንቺ ደግሞ የምን እንግዳ ነሽ?»

«ጠዋት ‹ዛሬ እንግዳዬ ነሽ› ያልከኝ ማን ሆነና?»

«ለጨዋታ ነዋ።»

«እኔ አልተጫወትኩም።»

ናሲብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ እሳቸው ሳይጠጡ እኔስ እንዴት ልጠጣ? ይሁን በላቸው።»

«ምን እንደምትጠይቀኝ ሳላውቅ?»

«ወጉ ሳያውቁ ይሁን ማለት ነው። አውቆማ ማንም ይላል።»

ኸልፋን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ። «ብቻሽን ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» አላት። ድምፁ ሰለለ።

ሙዝና ቀና ብላ አየችው። ልጇ ነው፤ የፈራውም ለእሷ ነው። እጇ ግን ወደ ሲኒዋ አልሄደም።

«ጎረቤት ያነሳኛል። ካልሆነም በገዛ ደጄ ወድቄ ልቅር።»

ማዕበሉ መጥቶ ተመለሰ። ናሲብ ዓይኑን ከኸልፋን ላይ አላነሳም።

«ይሁን» አለ ኸልፋን በመጨረሻ።

«ሳጥኔን ወደ ሱር መልስልኝ። እኔንም።»

ከዚያ ሲኒዋን አነሳች። ቡናው ቀዝቅዟል። አሸዋው ላይ ደፋችውና ባዶዋን ሲኒ ለልጇ ዘረጋችለት።

«አሁን ትኩሱን ቅዳልኝ።»