የሽፍት መሪው ቁልፍ

አብዱልባሲጥ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ያልተጣላው ቢኖር የግቢው ውሻ ብቻ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ሚስባህን የመታው ዕለት ነበር። ሚስባህ የሚስቱ የከሪማ ወንድም፣ የራሱም የልብ ጓደኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የባሕር ማዶ አገር፣ ስሙን ባልጠራው ምንም አይጎድልም፣ ሙያው በዝርዝሬ ውስጥ ያለ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ይምጣ፣ እዚሁ ይኑር አለ። አብዱልባሲጥ ደሴ ወጣ። ሰኞ ገበያ ኢንተርኔት ቤት ያላት ሊድያ ዝርዝሩን አነበበችለት። የፋብሪካ ሽፍት መሪ፣ የፈረቃ አለቃ ማለት ነው፣ አለ፤ የማሽን መካኒክ የለም። በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ሽፍት መሪነቱን ለሚስባህ ሊሰጥ ተነስቶ ነበር። አብዱልባሲጥ ቦታውን ልቀቅልኝ ቢለው ሚስባህ እስቲ ላስብበት አለ። እስኪያስብ እንኳ አልጠበቀውም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አፉን በቡጢ ብሎ የፊት ጥርሱን አወለቀው። ሚስባህ ደሙን እየተፋ ቦታውን ለቀቀ፤ አብዱልባሲጥ ሽፍት መሪ ሆነ፣ ሚስባህ የመካኒኮች ኃላፊ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌ ገባ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሚስባህ ሲስቅ አፉን በቀኝ እጁ ይሸፍናል፤ ከሪማም ያንን ባየች ቁጥር ባሏን ለሁለት ቀን አታናግረውም።

አብዱልባሲጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲሰበስብ፣ እንግሊዝኛ ሲማር ከረመ። በ2002 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁሉን አሟልቶ ሊድያ ዘንድ ሄደ። እሷም ኮምፒውተሩን ብዙ ቆይታ ካየች በኋላ ዝርዝሩ ተቀይሯል አለችው። ሽፍት መሪ ወጥቷል። የማሽን መካኒክ ገብቷል፤ ያውም ያለፉትን ሁለት ዓመታት በገዛ እጁ ማሽን ሲጠግን የኖረ ብቻ።

ያልሰማት መስሏት ደገመችለት። አብዱልባሲጥ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲነርተው ኪቦርዱ መሬት ወርዶ ተሰበረ። ሊድያ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እሱን ለማብረድ ብላ፣ ትናንት ሚስባህ የሚባል የፋብሪካችሁ ሰው መጥቶ ከዝርዝሩ ላይ የመካኒኩን መስመር አስገልብጦ ሄዷል፣ እሱን አማክረው አለችው። ምነው አፏን በያዘችው።

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አብዱልባሲጥ ጥርሱን እያፋጨ ነበር። ጥርስ አውልቆ የያዘው ወንበር ከንቱ ቀረ፤ ጥርሱ የወለቀው ሰውዬ ደግሞ ሊሄድ ነው። መቅረቱ አናደደው፤ ሚስባህ ሳይነግረው ደሴ መውጣቱ ግን አሳበደው። ለምን እንደወጣ ጠይቆ መረዳት ይችል ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን መጠየቁ ትዝ የሚለው ከመታ በኋላ ነው።

በሽመናው ክፍል ማንም የማይሽረው ደንብ አለ። ማሽን ሲበላሽ መካኒኩ ያጠፋውና የማስነሻውን ቁልፍ ነቅሎ ለሽፍት መሪው ይሰጠዋል። ሽፍት መሪው ቁልፉን ጨብጦ፣ መካኒኩ እጁን እስኪያወጣ ከማሽኑ አጠገብ አይነቃነቅም። መካኒክ እጁን የሚያስገባው ሰው አምኖ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ማሽን ክር በልቶ ቆመ። ሚስባህ ቁልፉን ለአብዱልባሲጥ ሰጠና ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ።

«ትናንት ደሴ ምን ልትሠራ ወጣህ?» አለው አብዱልባሲጥ።

ሚስባህ ሳቀ። አፉን የሚሸፍንበት እጅ ማሽኑ ውስጥ ስለሆነ የጎደለው ጥርሱ ታየ።

«አብሽር፣ እጄን ላውጣና እነግርሃለሁ። ወላሂ ደስ ይልሃል።»

አብዱልባሲጥ ያየው ሳቁን ብቻ ነው። ቁልፉን ሰክቶ ጠመዘዘው።

ማሽኑ የመታው ሁለቴ ነው፤ ሁለቴ በቂ ነበር። አጥንት ሲሰበር በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ተሰማ፤ ነጩ ጨርቅ በደም ራሰ። አብዱልባሲጥ ያኔ ደነገጠ ብል ደስ ባለኝ። ማሽኑን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ወደ ክፍሉ ሌላ ጫፍ ሄደ፣ ሠራተኛው ጩኸቱን ሰምቶ ሲሮጥም አብሮ ሮጠ።

ደሴ ሆስፒታል የሚስባህ ቀኝ እጅ ከአንጓው ተቆረጠ። ፖሊስ ሲጠይቅ አብዱልባሲጥ ሌላው ጫፍ ነበርኩ አለ። ሚስባህም አልጋው ላይ ሆኖ፣ ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም፣ ማሽኑ ላይ ትቼው ገባሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። የእህቱ ቤት እንዳይፈርስ ብሎ ነው። ቁልፉን ግን ማንም አላገኘውም።

በሦስተኛው ቀን ከሪማ የወንድሟን ኮት ይዛ ከሆስፒታል መጣች። ከኪሱ ያገኘችውን ወረቀት ባሏ ፊት ዘርግታ አንብብ አለችው። በሚስባህ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አብዱልባሲጥ በስም ሽፍት መሪ ቢሆንም፣ እነዚህን ሁለት ዓመታት ከእኔ እኩል በገዛ እጁ ማሽን ሲጠግን እንደኖረ እኔ የመካኒኮቹ ኃላፊ እመሰክራለሁ።» ከታች ፊርማው አለ።

ከሪማ ወረቀቱ ላይ ቁልፉን አስቀመጠች። ከባሏ ሱሪ ኪስ ነው ያገኘችው፣ ልታጥበው ስትል።

«ወንድሜ ቁልፉን ሳይሰጥ እጁን አስገብቶ አያውቅም» አለች። «አንተ ሌላው ጫፍ ከነበርክ ይሄ ኪስህ ምን ይሠራል?»

አብዱልባሲጥ እንደለመደው እጁን አነሳ። እሷ ወደ ኋላ አላለችም። ቁልፉን አንስታ ጨበጠችና በዚያው ጡጫ አፉን አለችው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ደረቱ ላይ ወረደ። ያነሳው እጁ ቀስ ብሎ ወደቀ።

«ወይ ደብዳቤውን ይዘህ ሊድያ ዘንድ ውጣ፣ ወይ ቁልፉን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ» አለችው። «ሁለቱንም ይዘህ እኔ ቤት አታድርም።»

ወረቀቱን ብዙ ቆሞ አየው። በዚያ ጽሑፍ ባሕር ማዶ መሄድ ይችል ነበር፤ የጻፈው እጅ ግን ዳግም አይጽፍም። አልቅሶ የማያውቀው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ቆመለት፤ እሱ ግን ተሻግሮ ሄደ።

ፖሊሱ መዝገቡን ገልጦ ስሙን ጻፈ። ቀጥሎ ሙያህስ ብሎ ጠየቀው።

አብዱልባሲጥ የከንፈሩን ደም በእጁ ጀርባ ጠረገና ቁልፉን መዝገቡ ላይ አኖረ።

«ሽፍት መሪ ነኝ» አለ። «ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»