ሰብተዋል የተባሉት ግልገሎች

ዱልማ ግልገሏን በሁለት ጉልበቷ መሃል አጣብቃ ከንፈሯን ገለጠችው። ድዷ ነጭ ነው፤ ደም የሚባል ነገር አይታይበትም። ከአገጯ ሥር ደግሞ ትናንት ያልነበረ እብጠት ተንጠልጥሏል። በጣቷ ስትጫነው እንደ ሊጥ ሰረጎደ።

«አባባ፣ ይቺም እንደነዚያ ሆነች!» አለች ወደ ጉረኖው በር ዞራ።

አማቷ ጎምቦ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። «በብርድ የተወለደ ትንሽ ነው የሚሆነው። ሣሩ ሲበቅል ያድጋሉ።»

«ሣሩ እስኪበቅል ማን ይቆያል? እስቲ መጥተው አፏን ይዩት።»

«አታሟርቺ አልኩሽ!»

ዱልማ ግልገሏን ለቀቀቻት። የዘንድሮ ግልገሎች አላደጉም፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጀርባቸው ሾሎ፣ ጠጉራቸው ቆሞ እንደተወለዱ ቀርተዋል። ያለፈው የብርድ ወራት በረዶ ግማሹን መንጋ ጨርሶታል። የተረፉት እናቶችም ቆዳና አጥንት ስለሆኑ ጡታቸው ወተት አይዝም። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ከጉረኖው ግልገል ይጎድላል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ጎምቦ «ተኩላ ነው» ይላሉ። ውሻ ሳይጮኽበት የሚገባ ተኩላ ምን ዓይነት ተኩላ ነው እያለች ዱልማ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።

ፈርታለች። እነዚህ ካለቁ መንጋው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ የሚቀረው እንደ እህቷ ድንኳን ጠቅልሎ ዋና ከተማው ኡላንባታር ዳር መስፈርና የሰው ደረጃ መጥረግ ነው። ባሏ ሩቅ አገር ማዕድን ማውጫ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ደውሎ ስለ ፍየሎቹ ሲጠይቃት «ደህና ናቸው» ትለዋለች። ምን ታድርግ፣ ከሩቅ ሆኖ ምን ሊረዳት!

«ውሻ ያዙ!» የሚል የሴት ድምፅ ከውጭ ተሰማ። የእንስሳት ሐኪሟ ኖርጂማ ናት፤ የመድኃኒት ሣጥኗን ሞተር ሳይክሏ ላይ አስራ በየሰፈሩ ትዞራለች። ዱልማ እፎይ አለች።

ኖርጂማ ድንኳን ገብታ እንደ አገሩ የሰላምታ ልማድ ከጎምቦ ጋር የሱረት ጠርሙስ ተለዋወጠች።

«ከብቱ ሰብቷል፣ አባባ? ጸደዩን በሰላም ይዛችሁታል?»

«ሰብቷል፣ ሰላም ነን። የናንተስ?»

ለዚህ ሰላምታ ሌላ መልስ የለውም። ፍየልህ ደጃፍህ ላይ እያጣጣረች እንኳ ቢሆን ሰብታለች ትላለህ። ክፉ ወሬ የሚወጣው ሻዩ ተጠጥቶ፣ የመንገዱና የጉድጓዱ ውሃ ወሬ ሲያልቅ ነው። ዱልማ ይህን ስለምታውቅ ጨው የገባበትን የወተት ሻይ እየቀዳች ጠበቀች። ጎምቦ ስለ መንገዱ አወሩ። ስለ ጉድጓዱም አወሩ። ስለ ግልገሎቹ ግን ትንፍሽ አላሉም።

«ታዲያ የማየው ነገር አለ?» አለች ኖርጂማ ጽዋዋን አስቀምጣ። «ሰማዩ ቢጫ ሆኗል። አውሎ ነፋሱ ሳይደርስብኝ ልሻገር።»

«ምንም የለም ልጄ።»

«ዕድለኛ ናችሁ። ታች ሰፈር ግልገል እያለቀ ነው» አለችና የራስ ቁሯን አነሳች።

ዱልማ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። ምራት በእንግዳ ፊት የአማቷን ቃል አታጥፍም፤ ይህን ያደረገች ሴት በዚያ አገር ሰምታ አታውቅም። ግን ሐኪሟ ከሄደች መቼ እንደምትመለስ ማን ያውቃል? ሮጣ ወጣችና ግልገሏን ታቅፋ ተመለሰች፤ ኖርጂማ ጭን ላይም አስቀመጠቻት።

«ይኸውልዎት የሰባችው።»

«ዱልማ!» አሉ ጎምቦ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ኖርጂማ የግልገሏን የዓይን ቆብ ገልብጣ አየች። «ውይ! ይቺ'ኮ ደም የላትም። የሆድ ትል መጦ ጨርሷታል። የሰባስ ትሉ ነው አባባ!»

የሳቀ የለም።

«መድኃኒቱ አለኝ» አለች ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እንደ ጤነኞቹ በግምት ከሰጣችኋቸው ራሱ መድኃኒቱ ይገድላቸዋል፤ እያንዳንዳቸውን እንመዝናለን። ትንንሾቹን ለብቻ ለዩ፣ ትልልቆቹ እየገፏቸው ነው። ወተቱ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ለእናቶቹ ፉርሽካ ስጡ፤ አንዴ ዘርግፋችሁ ሆዳቸውን እንዳትነፉት እንጂ።»

«ይድናሉ?»

«ሁሉም ብዬ አልዋሽሽም። ትሉ ብቻ ይሁን ሌላ ተላላፊ ነገር ይኑር የማውቀው ደግሞ የሞተ ከፍቼ ሳይ ነው። የሞተ አለ?»

«የሞተስ የለም። ተኩላ ነው የሚወስድብን» አለች ዱልማ።

ኖርጂማ በበሩ በኩል ውሻውን፣ ቀጥላም ሽማግሌውን አየች። «ተኩላ?»

ጎምቦ የሱረት ጠርሙሳቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። «ከኮረብታው ጀርባ ናቸው» አሉ።

«ምኖቹ?» አለች ዱልማ።

«የሞቱት። አንቺ ሳትነሺ እኔ ነኝ የማወጣቸው።» ቀና ብለው አላዩዋትም። «ሬሳቸውን ካየች ልጄን ጠርታ ወደ ከተማ ይዛው ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። እኔ እዚህ ብቻዬን ምን እሆናለሁ?»

ዱልማ ተናደደች። የሌለ ተኩላ ስትጠብቅ ስንቱን ሌሊት ነጋባት! ልትጮኽባቸው አፏን ከፈተች። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰብረው ዱላውን የሚጠብቅ ሰው መስለዋል። ድንኳኑ በመጀመሪያው ነፋስ ሲርገበገብ ሦስቱም ሰሙት።

«ዛሬ የሞተው አለ? እሱን ከፍቼ ልየው» አለች ኖርጂማ።

«አለ። ግን ሩቅ ነው፤ ዳገት አለው።»

ዱልማ ከአልጋው ሥር ከረጢት ሳበችና ቀበቶዋን አጠበቀች።

«ይነሱ አባባ» አለች። «ቦታውን ብቻ ያሳዩኝ። ከእንግዲህ የምሸከማቸው እኔ ነኝ።»